«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ልጅ በምን ይለካል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ከልጆችና ከወጣቶች ጋር የሥነ ልቦና ምክር ስንሠራ የለውጥ መለኪያ መጠይቅ ማስሞላት ይጠቅማል ወይስ ወረቀት ማብዛት ነው፣ ደግሞስ እኛን ለማስደሰት ቢሞሉትስ ነው ያልሽው። እኔ ጎንደር በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ላይ ቅጽ የሚባል ነገር አልወድም ነበር። አሁን ያለ ቅጽ አልሠራም።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ነው (እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ)። በየሳምንቱ ከእናቱ ጋር ከአዘዞ ይመጣል። «እንዴት ሰነበትክ?» ስለው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እኛ ዘንድ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የለም እኮ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰውም የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ተሽሎታል ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ አራት መስመር ያለውን አጭር የልጆች መለኪያ ሰጠሁት። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ መስመር 10 ሳንቲ ሜትር ነው። በአንዱ ጫፍ የከፋው ፊት፣ በሌላው የሚስቅ ፊት አለ። ስለ ራሱ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ጠቅላላው ነገር ምልክት ያደርጋል።

ስለ ራሱና ስለ ቤቱ የሚስቀው ፊት አጠገብ ጫር ጫር አደረገ። ትምህርት ቤት ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አንስቶ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ የከፋው ፊት ጆሮ ሥር፣ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪል ጫነው። ከከፋው ጫፍ ጀምሬ በማስመሪያ ስለካው 4 ሚሊ ሜትር። «እዚህ ጋ ምን አለ?» አልኩት። ሲወጣ በር ላይ የሚጠብቁት ልጆች እንዳሉ የነገረኝ ያን ቀን ነው። ያቺ 4 ሚሊ ሜትር ያስወራችውን እኔ በስድስት ሳምንት ማስወራት አልቻልኩም።

ረዘም ላለው ኤስዲኪው (SDQ) የሚባለውን፣ የልጆችን ጥንካሬና ችግር የሚያይ መጠይቅ እጠቀማለሁ። ሮበርት ጉድማን በ1997 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ያወጣው ባለ 25 ጥያቄ ነው። ሃያው ችግርን ይቆጥራል፣ ድምሩ ከ0 እስከ 40 ይሄዳል። አምስቱ የልጁን ደግነት ነው የሚያዩት። ወላጅና መምህር ይሞሉታል። ከ11 ዓመት ጀምሮ ልጁም ራሱ ይሞላዋል። ወላጅ ሞልቶት የችግሩ ድምር 17 ከደረሰ ከፍተኛ ይባላል። ግን ይህ የመቁረጫ ቁጥር መጀመሪያ የወጣው ከእንግሊዝ ልጆች ነው። ለእኛ ልጅ እንደ ፍርድ አልወስደውም። የአንዱን ልጅ የመጀመሪያ ውጤት ከሦስት ወር በኋላ ካለው ጋር ነው የማስተያየው፤ ያውም የእናትን ከእናት፣ የልጁን ከልጁ።

እዚህ ላይ እኛ አገር የሚያሳስት ነገር አለ። ዝም የሚል፣ አንገቱን የሚደፋ ልጅ በእናቱ ዓይን ጨዋ ነው። ስለዚህ ጭንቀቱ ወረቀቱ ላይ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ሆድ ቁርጠትና ራስ ምታት ግን አይደበቅም፣ መጀመሪያ እሱን እዪ። ስለ ስርቆት የሚጠይቀውን ደግሞ ልጁ ባለበት አታንብቢው። አንዲት እናት «ልጄን ሌባ ሊያደርጉት ነው?» ብለው ተነሥተው ሄደዋል። ጥፋቱ የኔ ነው። ገና ሻይ ሳንጠጣ፣ ወሬ ሳንጀምር ቅጽ አወጣሁባቸው። ማንበብ ለማይችሉ ለብቻቸው አነብላቸዋለሁ። የእናት ድምር 22፣ የልጁ 9 ቢመጣ አማካዩን አትውሰጂ። ልዩነቱን ይዘሽ ጠይቂ።

ጥያቄዎቹን ግን አታሻሽያቸው። መጫወት ካማረሽ በግብ ላይ ተጫወቺ። ልጁ «ሆዴን ሳያመኝ ክፍል መግባት» የሚል የራሱን ግብ ይመርጣል፤ የት እንደደረሰ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል። እኔ አሥር ፍሬ የሽምብራ ቆሎ ጠረጴዛ ላይ አደርጋለሁ። አንዱ ሦስት ቆጥሮ አራተኛውን ለሁለት ነከሰና «ሦስት ተኩል ነው ጋሼ» አለኝ። ግማሹን በላው።

አሁን የማልኮራበትን ልንገርሽ። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ስለ ድብርት የሚጠይቀውን ፒኤችኪው ዘጠኝ ሞላች። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። ሰዓት ስለሞላ ወረቀቱን ሳላየው ቦርሳዬ ከተትኩት። ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው «በየቀኑ ማለት ይቻላል» የሚለው ላይ ምልክት አለ። እጄ እየተንቀጠቀጠ እናቷ ጋ ደወልኩ። ልጅቷ ቤት ነበረች፣ እናቷ አብረዋት አደሩ፣ ጠዋት ሆስፒታል ሄድን። ከዚያ ወዲህ ልጁ ከወንበሩ ሳይነሳ ገጹን ሁሉ አያለሁ። ለማየት ጊዜ ከሌለሽ አታስሞይ።

ቁጥሩ መሀል ላይ ቢብስ አትደንግጪ። ልጅ ማውራት ሲጀምር የደበቀውንም መሙላት ይጀምራል። ይህ ለአለቃ አይገባም። በፊት የሠራሁበት ቦታ ለሪፖርት ሲባል የሚሻሻል ቁጥር ብቻ ይፈለግ ነበር። እኛም ሳናስበው «በደንብ አስብ እስኪ» እያልን ልጆቹን ወደ ጥሩው ጫፍ መግፋት ጀመርን። ማስደሰት ያልሽው እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ከኛው። አሁን «ወደ ከፋው ፊት ብታስጠጋው አልከፋም፣ ሥራዬን ነው የምታሳየኝ» እላለሁ። ከዚያ ያለፈውን ሳምንት ወረቀት አጠገቡ አድርጌ አብረን እናያለን።

በአንድ ልጅና በአራቱ መስመር ጀምሪ። ደግሞ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ስታስነሺ መስመሩን በማስመሪያ ለኪው። የኔን አሳንሰውት 9 ሳንቲ ሜትር ሆኖ መጥቶ፣ ልኬቱ ሁሉ ስላነሰ አንድ ወር ሙሉ ሁሉም ልጅ «ተባብሶበት» ነበር።