የጎደለው 0.04 ግራም የት ሄደ?
የአንባቢዎች የኬሚስትሪ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ 0.24 ግራም የማግኒዢየም ሪባን በክሩሲብል (ኃይለኛ ሙቀት በሚችል፣ ክዳን ባለው ትንሽ የሸክላ ዕቃ) አቃጠሉ። በስሌቱ 0.40 ግራም ማግኒዢየም ኦክሳይድ መውጣት ሲገባው አንዱ ቡድን 0.36፣ ሌላው 0.31 አገኘ። መጠነ ቁስ አይጠፋም ብዬ ካስተማርኩ በኋላ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ መምህር፣ ስሌትዎ ትክክል ነው። 24 ግራም ማግኒዢየም 16 ግራም ኦክስጅን ይዞ 40 ግራም ኦክሳይድ ስለሚሆን 0.24ቱም 0.40 መሆን አለበት። የጠፋ ነገር የለም። ወይ ከክሩሲብሉ ወጥቷል፣ ወይ መግባት የነበረበት ኦክስጅን ገና አልገባም፣ ወይ ደግሞ በኦክስጅን ቦታ ሌላ ነገር ገብቷል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ክዳኑ ነው። ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ራሱ ማግኒዢየም ኦክሳይድ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ከቆየ ምርቱ ዓይናችሁ እያየ ይሄዳል። ጨርሶ ካልተከፈተ ደግሞ አየር አይገባም። ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው በመቆንጠጫ ጠርዙን ብቻ ለቅጽበት አንስቶ መልሶ መክደን ነው። ብርሃኑ ዓይን ስለሚጎዳ ማንም ትኩር ብሎ እንዳያይ።

ሁለተኛው ናይትሮጅን ነው። የጋለ ማግኒዢየም ከአየሩ ናይትሮጅንም ይወስዳል። ሦስት የማግኒዢየም አቶሞች ሁለት የናይትሮጅን አቶሞችን ይዘው ማግኒዢየም ናይትራይድ ሲሆኑ 72 ግራሙ 100 ግራም ብቻ ይሆናል፤ ኦክሳይድ ቢሆን ግን 120 ይደርስ ነበር። 0.24 ግራሙ በሙሉ ናይትራይድ ቢሆን እንኳ 0.33 ይመዝናል። ከዚህ ተነሥተው ይፍረዱ፤ 0.36ን ናይትራይድ ሊያስረዳው ይችላል፣ 0.31ን ግን ብቻውን አያስረዳውም። በዚያኛው ቡድን ጭስ አምልጧል ወይም ያልተቃጠለ ማግኒዢየም ቀርቷል።

ናይትራይዱን ለማስተካከል ክሩሲብሉ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ጥቂት ጠብታ የተጣራ ውሃ አድርጋችሁ በቀስታ አሙቁ። ናይትራይዱ ወደ ሃይድሮክሳይድ ሲለወጥ የአሞኒያ ሽታ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ በኃይለኛ እሳት 10 ደቂቃ ያህል ስታግሉት ውሃው ይወጣና ኦክሳይዱ ይቀራል። በጋለ ክሩሲብል ላይ ውሃ መጨመር ግን ሸክላውን ይሰነጥቀዋል፤ የጋለ ማግኒዢየም ካለበትም ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ያወጣል።

ሪባኑን አስቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት እሹት፤ የደበዘዘው ሽፋን ቀድሞውኑ ኦክሳይድ ሆኖ ሳለ እንደ ማግኒዢየም ይመዘናል። ከተቃጠለ በኋላ አቀዝቅዛችሁ መዝኑ፣ 5 ደቂቃ መልሳችሁ አግሉ፣ እንደገና መዝኑ፤ ሁለት ተከታታይ ንባቦች እስኪገጥሙ ድረስ። ትኩስ ክሩሲብል በዙሪያው ያለው አየር ወደ ላይ ስለሚነሣ ቀልሎ ይነበባል። ሚዛናችሁ 0.01 ግራም ብቻ የሚለይ ከሆነ ደግሞ በ0.16ቱ ጭማሪ ላይ አንዲት ንባብ ብትዛነፍ ከ6 በመቶ በላይ ስሕተት ናት።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ውሃ የሚሰጡበትን እኩልታ ባላንስ ሳደርግ በግራ ሁለት ኦክስጅን፣ በቀኝ አንድ ሆነብኝ። ከውሃው ኦክስጅን ግርጌ 2 ስጽፍ ቁጥሩ እኩል መጣ። ለምን ስሕተት ተባልኩ?

መልስ፦ እህታችን፣ ቆጠራሽ ገጥሟል፤ የጻፍሽው ግን ውሃ መሆኑ ቀርቷል። ሁለት ሃይድሮጅንና ሁለት ኦክስጅን ያለው ሞለኪውል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ቀለም የሚያነጣ፣ ከውሃ ፈጽሞ የተለየ ነገር። የግርጌ ቁጥር የነገሩ ማንነት ስለሆነ አይነካም። የምትቀይሪው ከፊት የሚጻፈውን፣ የሞለኪውሉን ብዛት ነው። ከውሃው ፊት 2 ስታደርጊ ሃይድሮጅኑ አራት ይሆናል፤ ስለዚህ በግራ ካለው ሃይድሮጅን ፊትም 2 አድርጊ። አራት ሃይድሮጅን፣ ሁለት ኦክስጅን፣ በሁለቱም በኩል።

ካርቦን ያለበት ነገር ሲቃጠል ካርቦኑን አስቀድሚ፣ ሃይድሮጅኑን አስከትዪ፣ ኦክስጅኑን መጨረሻ ላይ ቁጠሪ፤ ኦክስጅን ብቻውን ስለሚቆም ሌላውን ሳያናጋ ይስተካከላል። ቡቴንን ውሰጂ፦ 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው። 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 5 ውሃ ይወጣል፤ በቀኝ 13 የኦክስጅን አቶም ማለት ነው። ኦክስጅን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚገባ ስድስት ተኩል ሞለኪውል ይመጣብሻል። አትደንግጪ፣ ሁሉንም በ2 አብዢው፦ 2 ቡቴን እና 13 ኦክስጅን፣ 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 10 ውሃ ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ የክሎሪን አቶም 35.5 ይመዝናል ይባላል። ግማሽ ኒውትሮን አለ እንዴ?

መልስ፦ የለም። 35.5 የሚመዝን የክሎሪን አቶም በተፈጥሮ አይገኝም፤ ቁጥሩ አማካይ ነው። ከ100 የክሎሪን አቶሞች 76 ያህሉ የመጠነ ቁስ ቁጥራቸው (የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምራቸው) 35፣ 24 ያህሉ ደግሞ 37 ነው። 76ን በ35፣ 24ን በ37 አባዝተው ደምረው ለ100 ቢያካፍሉ 35.48 ይመጣል። ሁሉም 17 ፕሮቶን አላቸው፤ ልዩነቱ 18 ወይም 20 ኒውትሮን መያዛቸው ነው። ስለዚህ የኒውትሮን ብዛት ሲጠየቁ ከ35.5 ላይ 17 አይቀንሱ፤ የትኛው አይሶቶፕ (በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለየው የአቶሙ ዓይነት) እንደሆነ ከጥያቄው ይፈልጉ።