ጓሮ ደቦ አይጠራበትም

ጥያቄ፦
ሰላም እንዴት ከረማችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። ፋርማሲ ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሳወራ እውላለሁ፣ ማታ ቤት ስገባ እራቴን በልቼ ላፕቶፔን ከፍቼ ስታርዲው ቫሊ እጫወታለሁ፣ የእርሻ ጌም ነው፣ መሬት ትመነጥራለህ ትዘራለህ ከብት ታረባለህ ከመንደሩ ሰው ጋር ትላመዳለህ። ሁለት አመት ሆነኝ ሁሌም ብቻዬን ነኝ። ለፋሲካ ወንድሜና ጓደኞቹ ከባህር ዳር መጥተው አብረን እንጫወት አሉና በጓደኛው ላፕቶፕ አዲስ እርሻ ተከፍቶ ሁላችንም ገባን፣ በሁለት ቀን ያለውን ገንዘብ በሙሉ ዘር ገዙበት፣ እኔ ወንዝ ዳር አሳ እያጠመድኩ ተኚ እንጂ ተኚ እንጂ ይሉኛል፣ በሶስተኛው ቀን ወጣሁ። ወንድሜ እስከዛሬ ይወቅሰኛል፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፣ አንቺ በጌም እንኳን ሰው አትወጂም» አለኝ። እውነት ችግር አለብኝ እንዴ? ብቻዬን ስጫወትስ የሚቀርብኝ ነገር አለ?

መልስ፦
እህቴ ምንም ችግር የለብሽም። እኔም እንዳንቺ ብቻዬን ነው የምጫወተው፣ ስለዚህ ይሄን ነገር በደንብ አስቤበታለሁ።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። የጌሙ አንድ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀምርና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያልቃል፣ በኛ ሰዓት ሲቆጠር 14 ደቂቃ ገደማ ነው። ብቻሽን ስትሆኚ ቦርሳሽን ከፍተሽ የቱን ዘር ልዝራ ብለሽ ስታስቢ ሰዓቱ ቆሞ ይጠብቅሻል። መልቲፕሌየር ላይ ግን፣ ማለትም ከሌላ ሰው ጋር አብረሽ ስትጫወቺ፣ አይቆምም፣ አንቺ ስታስቢ ቀኑ ይነጉዳል፣ ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ሳይደርስ ቀኑ እንዲያልቅ ሁላችሁም አልጋ መግባት አለባችሁ። ልጆቹ ተኚ ተኚ ያሉሽ ክፋት ኖሯቸው አይመስለኝም፣ አንቺ አሳ ላይ ስለሆንሽ የነሱ ቀን አላልቅ ብሏቸው ነው። ግን አንቺ ስራ ቦታ ቀኑን ሙሉ በሌላ ሰው ሰዓት ስትሮጪ ውለሽ ማታም በሌላ ሰው ሰዓት ተኚ ስትባዪ ቢመርሽ ምን ይገርማል?

የሚቀርብሽ ነገር የለም። ይሄን ጌም ኤሪክ ባሮን የሚባል አንድ ሰው ነው ብቻውን የሰራው፣ ስዕሉንም ሙዚቃውንም ኮዱንም፣ አራት አመት ተኩል ገደማ ፈጅቶበት 2016 እ.ኤ.አ. ላይ ሲወጣ መልቲፕሌየር የሚባል ነገር አልነበረውም፣ የተጨመረው 2018 ላይ ነው። ሰው ሁሉ በፍቅር የወደቀለት ብቻውን ሲጫወተው ነው ማለት ነው። የሰዎችን የቤት ኑሮ እየመራሽ የምትጫወቺውን ዘ ሲምስ የሚባል ጌምም ብታዪ 2000 ላይ ለአንድ ሰው ተብሎ ነው የወጣው፣ በ2002 ዘ ሲምስ ኦንላይን ብለው ሰውን አንድ ላይ ሊያኖሩ ሞከሩ፣ 2008 ላይ ተዘጋ፣ 2014 ላይ የመጣው ዘ ሲምስ 4ም ተመልሶ ለአንድ ሰው ሆነ። ከተማ የሚገነባበት ሲምሲቲ የሚባለው ጌም ደግሞ 2013 ላይ ብቻህን ብትጫወትም ኢንተርኔት የግድ ነው ብሎ መጣ፣ ተጫዋቹ ሁሉ የሚገናኝበት የኩባንያው ሰርቨር ሰዉን መያዝ አቅቶት ገንዘብ የከፈለ ሰው ከተማውን ሳያይ ቀናት አለፉ፣ በአመቱ ያለ ኢንተርኔት እንዲሰራ አደረጉት። ኔትወርክ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን የወንድምሽን ሎሚ እንየው። እኛ ጎጃሞች ደቦና ወንፈልን ለማንም አንሰጥም፣ ጤፍ ሲታረም፣ ሲታጨድ፣ ሲወቃ ሰው ካልተጠራ አይሆንም፣ ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ እንጀራውን ጋግሮ ይጠብቃል፣ ወንፈል ከሆነ ደግሞ ቀኑን በቀን ትመልሺያለሽ። ግን የእናትሽን ጓሮ አስቢው። የኔ እናት ጎመኑን፣ ጌሾውን፣ ጤና አዳሙን ጠዋት ጠዋት ብቻዋን እየዞረች ነበር የምታየው፣ አንዱን ቅጠል ገልብጣ ታያለች፣ ትንሽ ትቆማለች፣ ለዛች ጓሮ ደቦ ስትጠራ አንድም ቀን አላየሁም፣ ሰው አትወድም ያላትም የለም፣ እንደውም ጎረቤቱ ሁሉ ጎመን የሚቆርጠው ከሷ ጓሮ ነበር። ጌሙ ሲጀምር የሚሰጥሽ 15 የፓርስኒፕ ዘር ነው፣ ካሮት የሚመስለው ነጩ ስር፣ በአራት ቀን ይደርሳል። 15 ዘር ሃምሳ ሎሚ አይደለም እህቴ፣ አንድ ሰው እያጠጣ የሚያደርሰው ጓሮ ነው።

ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አብራችሁ የከፈታችሁት እርሻ የተቀመጠው በዛ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ነው፣ እሱ ካልከፈተው አንቺ ቤትሽ መግባት አትችዪም፣ ላፕቶፑ ከተበላሸም አብሮ ሄደ። እኔ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ሙሉ አመት ያለማነው እርሻ ነበረን፣ ሰውየው ስራ ቀይሮ ሌላ ከተማ ገባና ላፕቶፑን ሸጠው፣ አልነገረኝም፣ ስጠይቀው «እንዴ ትፈልገው ነበር?» አለኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወንድምሽን ግን አትተዪው። እኔ ሳስበው ናፍቀሽው ነው እንዲህ የሚወቅስሽ፣ ባህር ዳር ሲሆን አያገኝሽም፣ ሲመጣ ደግሞ አይንሽ ላፕቶፑ ላይ ነው። የራስሽን እርሻ አታስነኪው፣ ለሁለታችሁ ብቻ ሌላ አዲስ ክፈቺ፣ ጓደኞቹ ይቅሩ። በ2020 መጨረሻ ከወጣው 1.5 አፕዴት ጀምሮ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ በአንድ ላፕቶፕ መጫወት ይቻላል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አንዳችሁ በኪቦርድ አንዳችሁ በጆይስቲክ። ገንዘባችሁን ደግሞ ገና ስትጀምሩ ለየብቻ አድርጉት፣ እሱ የፈለገውን ዘር ይግዛ፣ አንቺ ወንዝሽ ዳር ሁኚ። ሴቩ፣ እርሻችሁ የሚቀመጥበት ፋይል፣ ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ይሁን፣ በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ገልብጪው።