የባልሽን ዘር ፍለጋ ከእንግሊዝ አገር አትጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አየሁት። የባለቤትሽ ወገን በ1600ዎቹ ከእንግሊዝ ቨርጂኒያ የገባ ነው ይባላል። ልጅሽ ለትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ሥሪ ተብላለች። አንቺ ደግሞ እንግሊዝ ካለ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና መዝገብ በማን በኩል ላስወጣ ብለሽ ጠይቀሻል። ባለሙያ ቅጠሪ ያሉሽ ሰዎች አሉ። እባክሽ ገና አትቅጠሪ። እኔ ቀጥሬ 640 ዶላሬ ሜዳ ላይ ቀርቷል።

የኔም ባል የቨርጂኒያ ልጅ ነው። የነሱም ቤት ወሬ ያው ነው፦ ጆን የሚባል ጌታ ሰው ከእንግሊዝ መጣ፣ ንጉሡ መሬት ሰጠው፣ እኛ ከሱ ተወለድን። ስለዚህ እኔ የሄድኩበት መንገድ ላንቺም ይሆናል። በቁጥር ልጻፍልሽ።

1. ባሕሩን ቶሎ አትሻገሪ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ የሚኖር አንድ ዘር ፈላጊ በኢንተርኔት አገኘሁ። የጆንን ስም ሰጠሁት፣ በ1660ዎቹ ቨርጂኒያ ነበር አልኩት፣ ከፈልኩ። በሦስት ሳምንት መልስ መጣ። እንግሊዝ ኬንት ውስጥ በ1634 ክርስትና የተነሳ፣ ስሙም የቤተሰብ ስሙም አንድ የሆነ ጆን። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። የዘር ሐረጉን ትልቅ ሸራ ላይ አሳትሜ ለታንክስጊቪንግ በዓል ለአማቴ ሰጠኋቸው። 81 ዓመታቸው ነበር፤ አለቀሱ። ሳሎን ሰቀሉት።

በዓመቱ አንድ ሌሊት ልጆቹን አስተኝቼ ያንኑ የደብር መዝገብ ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ፍለጋ ድረ ገጽ ላይ ራሴ ከፈትኩት። ነጻ ነው። ገጽ በገጽ እያየሁ ወደ ቀብሩ ክፍል ገባሁ። ምን እንደምፈልግ እንኳ አላውቅም ነበር። 1636 ላይ አንዲት መስመር አለች። ቀለሟ ወደ ቡኒ ሄዷል፣ ጫፏን ውሃ ነክቷታል። መጀመሪያ ስሙ፣ ከዚያ በላቲን «የቶማስ ልጅ»፣ ከዚያ ቀኑ። በቃ። ሕፃኑ በሁለት ዓመቱ ሞቷል። ቨርጂኒያን በዓይኑ አላየም። አማቴ ሳሎን የሰቀልነው የሌላ ቤት ልጅ ነው።

ለሰውየው ስጽፍለት «የተጠየቅኩት ክርስትናውን ነው» ብሎ መለሰልኝ። ቀብሩን አላየም፣ አላየሁም ብሎም አልነገረኝም። ዛሬም ያናድደኛል። ለአማቴ መንገሩ ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ከበደኝ። ስለዚህ አንድ ክርስትና ባገኘሽ ቁጥር፣ እዚያው መዝገብ ላይ ቢያንስ 20 ዓመት ወደፊት ቀብሩንም ጋብቻውንም እዪ። ያው ሰው በ1660 እዚያው መንደር ሚስት አግብቶ ከተገኘ ያንቺ አይደለም። በዚያ ዘመን ጆንና ዊሊያም የሚባል ሰው እንደ አገራችን ከበደና ተስፋዬ ነው፤ ስም መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም።

2. ከመሬቱ ጀምሪ። ጎጃም ያሉት አያቴ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልድ ይቆጥሩ የነበረው ርስት ለመካፈል ነው። መሬቱ ባይኖር ያን ሁሉ ስም ማን ያስታውሰው ነበር? እዚህም እንደዚያው ነው። ከ1618 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ የአንድን ሰው የመርከብ ዋጋ ከፍሎ ላመጣ በነፍስ ወከፍ 50 ኤከር ይሰጠው ነበር። 20 ሄክታር ገደማ፣ በኛ ግማሽ ጋሻ ማለት ነው። መሬቱ ሲጻፍለት ያመጣቸው ሰዎች ስም አብሮ ይሰፍራል። እነዚህ ሰነዶች ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ላይብረሪ አሉ፤ ፎቷቸውም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል።

የኛ ጆን በ1662 300 ኤከር ወስዷል፤ ስድስት ሰው አምጥቶ። እኔም በ1662 ነው የመጣው ብዬ ጻፍኩ። ስህተት ነው። በኋላ ሳየው በ1656 በሌላ ሰው የመሬት ሰነድ ላይ፣ ከመጡት ሰዎች ዝርዝር መሀል ተቀምጧል። ሌላ ሰው ከፍሎ ያመጣው ነው። ከፋዩ ደግሞ መብቱን ሊሸጠው፣ ከዓመታት በኋላ ሊጠቀምበት ይችል ነበር። አንዱን ሰው ሁለት ቦታ ቆጥረው መሬት የወሰዱም አሉ። ስለዚህ የሰነዱ ቀን የሚነግርሽ «ከዚህ በፊት መጥቷል» የሚለውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ጌታ የተባለው ሰው፣ እንደሚመስለኝ፣ በኮንትራት የመጣ አገልጋይ ነበር። ብዙዎቹ የመርከብ ዋጋቸውን ሌላ እየከፈለላቸው አራት አምስት ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ ለማገልገል ፈርመው ነው የመጡት። ከብሪስቶል ብቻ ከ1654 እስከ 1686 ከ10 ሺህ በላይ ሰው በዚህ መንገድ ተመዝግቦ ወጥቷል። እኔ አላፈርኩበትም። እህቴ ቤይሩት ኮንትራት ሠርታ ነው ቤታችንን ያቆመችው። ባሌ መጀመሪያ ደስ አላለውም፤ አሁን ግን ለሰው ሲያወራ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

አንድ ነገር ልብ በይ፦ የባልሽ ወገን እኛ በምንኖርበት በሰሜኑ፣ ፌርፋክስ፣ ላውደን፣ ፕሪንስ ዊሊያም አካባቢ ከነበረ፣ በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መሀል ያለው መሬት የተሰጠው በግል ባለቤቶች ነው። ከ1690 ወዲህ ያለው የራሱ መዝገብ አለው፤ ኖርዘርን ኔክ በሚለው ፈልጊው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ወር የባሌን ሁለተኛ ቅርንጫፍ በሌለበት መዝገብ ስፈልግ ከርሜያለሁ።

3. ከዚያ ወደ ካውንቲው፣ እንደኛ ወረዳ በይው፣ ፍርድ ቤት ሂጂ፤ ሽያጩ፣ ኑዛዜው፣ ክሱ ያለው እዚያ ነው። እዚህ ላይ ተዘጋጂ። አንድ ካውንቲ ሁለት ሰዓት ነድቼ ደረስኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ ሳታየኝ «ለፓስፖርት ከሆነ በዚያ በኩል ነው» አለችኝ። የ1600ዎቹን የመሬት መዝገብ ነው የምፈልገው ስላት አሁን ቀና አለች። «ከዚህ ቤተሰብ ጋር ምን ያገናኝሻል?» አለች። ይህንን የመጠየቅ መብት የላትም፤ የመሬት መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። «ልጆቼ የሱ ልጆች ናቸው» አልኳት። ምንም አልመለሰችም፣ በጣቷ በሩን አሳየችኝ። እስከ መዝጊያ ሰዓት ቁጭ ብዬ ሠራሁ። አንቺም የፈለገ ቢሉሽ ተመልሰሽ እንዳትወጪ።

ሄደሽ ምንም ላታገኚም ትችያለሽ። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለደኅንነት ብለው መዝገባቸውን ሪችመንድ የላኩ ካውንቲዎች ነበሩ፤ በኤፕሪል 1865 ሪችመንድ ስትቃጠል አብሮ ነደደ። የጄምስ ሲቲ እንዲያ ነው ያለቀው። የዮርክ ግን ከ1633 ጀምሮ አለ።

መዝገቡን ካገኘሽ የሱን ስም ብቻ አትቅጂ። ጎረቤቶቹን ጻፊ! የመሬቱ ወሰን «ከእገሌ ዋርካ እስከ እገሌ ጅረት» በሚል ዓይነት ነው የሚነገረው፤ የሚዋሰኑት ሰዎች በስም አሉ። ሚስቲቱም መሬት ሲሸጥ ድርሻዬን ለቅቄያለሁ ስትል ስሟ ይወጣል። የቤተ ክርስቲያኑን ሰበካ ጉባኤ መዝገብም እዪ። ያኔ ሰበካ ጉባኤው በየአራት ዓመቱ ሰው መድቦ የየሰውን ድንበር በእግር ያስዞር ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንደዞረ ተጽፏል። በኔ መዝገብ አንድ ጎረቤት ሦስት ቦታ ላይ መጣ። ምስክር ሆኖ፣ ወሰንተኛ ሆኖ፣ ዋስ ሆኖ። ዝም ብሎ ጎረቤት አይደለም አልኩ።

ቨርጂኒያ ሞቶ እንግሊዝ ንብረት የተወ ሰው ኑዛዜው ብዙ ጊዜ የሚጸድቀው በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ነው፤ እስከ 1858 ያለው ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። የጎረቤቱን ስም እዚያ አስገባሁ። ወጣ። አንድ ቤት እንግሊዝ ሱመርሴት ነበረው፣ መንደሩን ይጠራል፣ ቀጥሎ «ለእህቴ ልጅ ለጆን፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ላለው፣ 10 ፓውንድና ግራጫውን ፈረስ» ይላል። ጮህኩ። ባሌ ከእንቅልፉ ተነስቶ ወረደ።

የሱመርሴትና የዴቨን የአካባቢ ኑዛዜዎች በ1942 ኤክሰተር በጀርመን ቦምብ ስትመታ ስለተቃጠሉ፣ ይህ ኑዛዜ በካንተርበሪ በኩል ባያልፍ ኖሮ እስከ ዛሬ እፈልግ ነበር።

4. አሁን ነው እንግሊዝ። የደብር መዝገብ በ1538 ጻፉ ተብሎ ታዟል፤ የጠፋ ብዙ ነው፤ በተለይ በ1640ዎቹና 50ዎቹ በርስ በርስ ጦርነታቸው ምክንያት ክፍተት አለ። ያንቺ ዓመት ከጠፋ ለጳጳሱ ይላክ የነበረውን ቅጂ ጠይቂ። የሚመዘገበው ክርስትናው እንጂ ልደቱ አይደለም።

ዘመን አቆጣጠሩ ግን የኛ ሰው ከማንም ቀድሞ የሚገባው ነው። እስከ 1752 ድረስ እንግሊዞች ዓመት የሚቀይሩት በማርች 25 ነበር። የጆን እናትና አባት የተጋቡት ጁን 1638 ነው፤ ጆን ክርስትና የተነሳው ማርች 20 ቀን 1638። አማቴ «ሳይጋቡ ወለዱት እንዴ?» ብለው ደነገጡ። አይ፣ ማርች 20 ገና የ1638 መጨረሻ ነው፣ በአሁኑ 1639፤ ልክ በኛ መስከረም 2016 ከነሐሴ 2016 እንደሚቀድመው። ዘጠኝ ወር ሞልቷል። የዚህን ልጅ ቀብር ፈለግኩ፣ ጋብቻውንም ፈለግኩ፤ እዚያ ደብር ሁለቱም የሉም።

ሌላም ነገር አለ፣ ልጅሽን አዘጋጂያት። የጆን የልጅ ልጅ ኑዛዜ ላይ ከላሞቹና ከአልጋው ቀጥሎ የሰባት ባሪያዎች ስም አለ፣ ከነዋጋቸው። ሴት ልጄ እሱን ስታነብ ለረጅም ሰዓት አልተናገረችም። ከዚያ ስሞቹን አንድ በአንድ በደብተሯ ጻፈቻቸው። እንዲህ ያሉ ስሞችን የሚፈልጉ ዘሮቻቸው ዛሬም አሉ፤ የቨርጂኒያ ላይብረሪም ቨርጂኒያ አንቶልድ በሚል ሰነዶችን እየሰበሰበ ያወጣል። አንቺም ካገኘሽ አትለፊው፣ ጻፊው።

አሮጌው ሸራ ወርዷል። አዲሱን ባለፈው ፋሲካ አማቴ ራሳቸው ሰቀሉት። የባልሽ ወገን የነበረበትን ካውንቲ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። በወር አንድ ቅዳሜ ሪችመንድ እወርዳለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ቦታ አለ፣ ልጅሽንም ይዘሻት ነይ።