ዛንዚባር ላይ ለጥልቅ ባሕር ዓሣ ጀልባ ስትከራይ

ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ፦ ወንድማችን ጥር ላይ ያገባል። ከሠርጉ በኋላ ከባለቤቱ ጋር 6 ቀን ዛንዚባር ናቸው፣ ሆቴል ፓጄ ይዘዋል፣ አንዱን ቀን ጥልቅ ባሕር ወጥቶ ትልቅ ዓሣ ማጥመድ ይፈልጋል። ሁለት ዋጋ ቀርቦለታል። አንደኛው የሌላኛውን ግማሽ ነው፣ የሁለቱም ፎቶ ግን ያው ማርሊን (አፍንጫው እንደ ጦር የሾለ ትልቅ ዓሣ) ታቅፎ የሚስቅ ፈረንጅ ነው። «የቱ ይሻላል? ለባለቤቴስ ይሆናል? የማጥመጃ ዘንግ ከዚህ ከፒያሳ ገዝቼ ልሂድ?» ይላል።

እስካሁን የተሰጡት መልሶች «ርካሹን ያዝ፣ ባሕሩ እንደሆነ አንድ ነው» የሚሉ ናቸው። ወንድሜ፣ ባሕሩ አንድ አይደለም። የምትከፍለው የማጥመጃው ክር ጥልቅ ውኃ ላይ ለሚቆይበት ሰዓት ነው። ሁለቱን ዋጋ በዚህ ሰዓት ስታካፍላቸው ውድ የመሰለው ብዙ ጊዜ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

ቦታውን እንይ። በፔምባ ደሴትና በታንዛኒያ ዋና ምድር መካከል ያለው የፔምባ ቻናል እስከ 800 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። ከዛንዚባር ሰሜን ጫፍ ወደ ፔምባ ሲኬድ ደግሞ ሌቨን ባንክ የሚባል ከጥልቁ የሚነሳ የባሕር ውስጥ ኮረብታ አለ። ጅረቱ ኮረብታውን ሲመታ ውኃውን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በዚያ ላይ ትንንሹ ዓሣ ይሰበሰባል፣ ትልልቆቹ አዳኝ ዓሦች፣ ቱናው፣ ዋሁው፣ ሴይልፊሹና ማርሊኑ፣ እሱን ተከትለው ይመጣሉ። ለዚህ ሁሉ ቅርቡ መነሻ በሰሜን ጫፍ ያለችው ኑንግዊ ናት። የአንተ ሆቴል ያለበት ፓጄ ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ነው፤ እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ጀልባ የሚወጣው ውኃው በፈቀደ ሰዓት ብቻ ነው። ከፓጄ ኑንግዊ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቁጠር። ስለዚህ ወይ ከማጥመዱ በፊት ያለውን ሌሊት ኑንግዊ እደር፣ ወይ መኪናው በዋጋው ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ። ከፓጄ ዳርቻ «ጥልቅ ባሕር ግማሽ ቀን» እያለ የሚሸጥልህ ደላላ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስድህ ዳርቻውን ከከበበው የኮራል ድንጋይ ወጣ ብሎ ወዳለው ጠርዝ ነው። እዚያም ዓሣ አለ፤ አንተ የጠየቅከው ዓሣ ግን አይደለም።

ሒሳቡን ልሥራልህ። ግማሽ ቀን ሲሉ 4 ወይም 5 ሰዓት ማለታቸው ነው። መሄጃው 50 ደቂቃ ከፈጀ መመለሻውም 50 ነው፤ ከ4 ሰዓቱ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በመንገድ አለቀ። ክር መዘርጋትና መሰብሰብ፣ ማባበያ መቀያየር ሲጨመር የቀረህ 2 ሰዓት ነው። ሙሉ ቀን የሚባለው ከ8 እስከ 9 ሰዓት ሲሆን መንገዱ ያው ስለሆነ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ይተርፍሃል። ዋጋው ከግማሽ ቀኑ እጥፍ ባነሰ ቁጥር ሙሉ ቀኑ ያዋጣል። ለካፒቴኑ የምትልከው የመጀመሪያ ጥያቄም ይሄ ይሁን፦ ከመነሻችን እስከ መጀመሪያው ክር መዘርጊያ ስንት ደቂቃ ነው? የምናጠምድበት ውኃስ ስንት ሜትር ጥልቀት አለው? ሁለት ቁጥር ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይመልስልሃል፤ የማያውቀው ተጨማሪ ፎቶ ይልክልሃል።

ግማሽ ዋጋው ከየት እንደመጣም ከነዳጁ ታገኘዋለህ። ሁለት ባለ 200 የፈረስ ጉልበት ሞተር የጫነ ጀልባ በፍጥነት ሲጓዝ በሰዓት ከ70 እስከ 90 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠጣል። ቀስ ብሎ ክር እየጎተተ ሲሄድ ግን ፍጆታው በጣም ይወርዳል። ባለጀልባው ትርፉን የሚያሰፋው ሩቅ ባለመሄድ ነው፤ ርካሽ ዋጋ የሰጠህ ሰው ከዳርቻው 3 ኪሎ ሜትር ላይ ክሩን ዘርግቶ እየዞረ ቢያውልህ አንተ ከላይ ሆነህ ምን ታውቃለህ? ስልክህ ላይ ያለ ካርታ ያለ ኔትወርክም ቦታህን ያሳያል፤ ክፍት አድርገው። ካፒቴኑም ፊሽ ፋይንደሩ (ከጀልባው ሥር ያለውን ጥልቀትና ዓሣ የሚያሳየው መሣሪያ) ላይ ጥልቀቱን እንዲያሳይህ ጠይቅ፣ ነውር የለውም።

ስለ ጥር። በዛንዚባር ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ግድም የሚነፍሰው ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ነው። ለማርሊንና ለሴይልፊሽ ጥሩ ወቅት ነውና እድለኛ ነህ፤ ቢጫ ክንፍ ቱና ይበልጥ የሚበዛው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ግን ካስካዚ አንዳንድ ሳምንት ጠንከር ይላል። ዊንዲ የሚባለውን አፕ ከፍተህ የነፋሱን ፍጥነት እይ፦ እስከ 12 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ምቹ ነው፣ 15 ሲደርስ ጀልባው ይንገላታል፣ ከ20 በላይ ከሆነ ቀኑን ቀይር። የማዕበሉን ከፍታ ብቻም አትመልከት። 1.5 ሜትር ማዕበል በ10 ሴኮንድ ልዩነት ሲመጣ ጀልባው ቀስ ብሎ ይወጣል ይወርዳል፤ በ5 ሴኮንድ ሲመጣ ግን አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይመታሃል። ለዚህ ነው የማጥመጃውን ቀን ከ6ቱ ቀናት ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ማድረግ ያለብህ፤ ነፋስ ቢከለክልህ የምትሸጋሽግበት ቀን ይኖርሃል። የመጨረሻው ቀን ላይ ካደረግከው ካፒቴኑም «እንሞክረው» ይልሃል፣ አንተም እሺ ትላለህ።

ሰዓት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሰዓት ልዩነት የለንም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ለቱሪስት ሲጽፍ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ሾፌሩ በቃል በአገሩ ሰዓት ይነግርሃል። አንዱ 6 ሌላው 12 ካሉህ ሁለቱም ያው ንጋት ነው። «ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለህ ጨርሰው።

ጀልባው። አንድ ሞተር ብቻ ያለውን ለጥልቅ ባሕር አልመክርም፤ ሞተሩ ቢቆም ጅረቱ ቆሞ አይጠብቅህም። ሁለት ሞተር፣ ካልሆነም አንድ ትልቅና ወደ ወደብ የሚመልስ አንድ ትንሽ ተጠባባቂ ይኑረው። የሞባይል ኔትወርክ ከዳርቻ ሲርቁ ስለሚጠፋ በቻናል 16፣ በባሕር የአደጋ ጥሪ መስመር፣ የሚሠራ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ግዴታ ነው። ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ፣ ከወንበር ሥር ተቆልፎ ሳይሆን እጅ በሚደርስበት ቦታ። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች አብዛኞቻችን ዋናችን የሆቴል መዋኛ ገንዳ ድረስ ነው፤ አታፍር፣ ከዳርቻው ትንሿ ጀልባ ላይ ስትወጣ ጀምሮ ልበሰው። ከትንሿ ወደ ትልቋ ሲሻገሩ ውኃ ውስጥ መውደቅ ቀላል ነው። በርካሽ የሚቀርቡት ባህላዊ የእንጨት ጀልባዎች፣ ንጋላዋ የሚባሉት፣ ለዳርቻ የእጅ ክር ጥሩ ናቸው፤ ጥልቁ ላይ ግን ቦታቸው አይደለም።

አሁን ወደ ዕቃው፤ ፎቶ የማያሳይህ ይሄን ነው። ከመነሳታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ስጠው። ከዘንጉ ጫፍ ክሩን አንድ ሁለት ክንድ ሳብና በጣትህ መካከል አሳልፈው፤ ሸካራ ከሆነ ወይም ነጭ ነጭ ያለበት ከሆነ ፀሐይ በልቶታል፣ ዓሣው ሲጎትት እዚያ ጋ ይበጠሳል፤ ያንን ክፍል ቆርጠው እንዲያስሩት ጠይቅ። ዘንጉ ላይ ያሉት ትንንሽ ተሽከርካሪ ቀለበቶች በጣት ሲነኩ መዞር አለባቸው፤ ጨው አስሯቸው ከቆሙ ክሩን እንደ መጋዝ ይቆርጡታል። መንጠቆው የዛገ አይሁን፣ ጫፉ ጥፍርህ ላይ ሲነካ ይያዝ እንጂ አይንሸራተት። ዋሁ ጥርሱ ክር ስለሚበጥስ ለእሱ የተዘጋጀው ማባበያ ላይ የሽቦ ማሰሪያ መኖሩን እይ። ከዚያ የሪሉን (ክሩ የሚጠመጠምበትን ማሽን) ፍሬን። ዓሣው ሲሮጥ ክሩን እየለቀቀ የሚይዘው እሱ ነው፣ የሚስተካከለውም በክሩ አቅም ሩብ እስከ ሢሶ ላይ ነው፤ ባለ 50 ፓውንድ ክር ከሆነ ከ6 እስከ 7.5 ኪሎ ገደማ። ጥሩ ረዳት በትንሽ የእጅ ሚዛን ስቦ ይለካዋል። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚልም አለ፤ አንዳንዱ እውነቱን ነው፣ ግን ሚዛን ያለውን እመርጣለሁ። በጣም ከጠበቀ የመጀመሪያው ሩጫ ላይ ክር ይበጠሳል፣ በጣም ከላላ መንጠቆው አይሰምጥም።

ሰው ሠራሽ ማባበያ የሚጎተተው ከ7 እስከ 9 ኖት ነው፤ ተፈጥሯዊ ዓሣ ከሆነ ዝቅ ይላል። ከ4 እስከ 6 ክር በየተለያየ ርቀት ይዘረጋል። ጀልባው ግራና ቀኝ ረጃጅም የክር መዘርጊያ ክንዶች ከሌሉት ያን ያህል ክር ሳይጠላለፍ መጎተት አይችልም፤ ፎቶው ላይ መኖራቸውን እይ። ዓሣው ሲይዝ ዘንጉን የሚሰጥህ ረዳቱ ነው፤ ከዚያ ዘንጉን በወገብህ አንሳ፣ ዝቅ ስትል ክሩን ጠምጥም፣ ክር እየወጣ ሳለ አትጠምጥም። ዓሣው ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ከመንጠቆው በላይ ያለውን ወፍራም ማሰሪያ ክር የሚይዘው ረዳቱ በጓንት ነው፤ አንተ በጭራሽ እጅህ ላይ እንዳትጠቀልለው። ጣት የሚቆረጠው እዚያ ነው።

ገንዘቡ። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? የጋራ ጉዞ ከሆነ 4 ሰው በተራ ነው የሚይዘው፣ ምናልባት የአንተ ተራ ሳይደርስ ቀኑ ያልቃል። ለሁለት ከሆናችሁና በጀቱ ካልበቃ ሌላ ጥንድ ፈልጉና ጀልባውን በሙሉ ተከራዩ፣ በጣም ይቀንሳል። ነዳጅ፣ ማባበያ፣ ውኃ፣ ምሳ፣ ግብር በዋጋው ውስጥ መሆናቸውን በጽሑፍ ይላኩልህ፤ ዋትሳፕ ይበቃል። ቀብዱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ከሆነ ደህና ነው። ሙሉውን አስቀድሞ የሚጠይቅ ካለ ተወው። ውሉ ውስጥ ሁለት ነገር ይግባ፦ በአየር ምክንያት ካፒቴኑ ከሰረዘ ቀብድ ይመለሳል ወይም ቀን ይቀየራል፤ የምትሄዱበት ጀልባ ስሙ ይጠቀሳል። ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የታወቀው ማጭበርበር ጥሩውን ጀልባ አሳይቶ በሌላ መጫን ነው። ለሠራተኞቹ የሚሰጠው ጉርሻ የኪራዩ 10 በመቶ ገደማ ተብሎ ይታሰባል፣ እሱን በበጀትህ ያዝ። ዶላር ይዘህ ከሆነ የሄድከው ከ2006 ወዲህ የታተመ፣ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት ይሁን፤ ታንዛኒያ ውስጥ አሮጌ የዶላር ኖት ብዙ ጊዜ አይመነዝሩልህም።

ለባለቤትህ። ጀልባው ላይ በር ያለው መጸዳጃ ቤትና ጥላ ከሌለ 8 ሰዓት ለእሷ ቅጣት ነው፤ ጠይቅ። ማስመለሱ ደግሞ ሁለታችሁንም ይመለከታል፣ የሚብሰውም ጀልባው ሲሮጥ ሳይሆን ቀስ ብሎ ክር መጎተት ሲጀምር ነው። ስታዲየም አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች አንዱ ገብተህ የጉዞ ማስመለስን የሚከላከል መድኃኒት ጠይቅ፤ መድኃኒቱ የሚወሰደው ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት እንጂ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ አይደለም። እንቅልፍ ስለሚያመጣ አዲስ አበባ ሳለህ አንዴ ሞክረው፣ ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ወይም እርግዝና ካለ ለፋርማሲስቱ ንገሩ። ባዶ ሆድ አትውጡ፤ ደረቅ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ዝንጅብል ይበቃል። ጀልባው ላይ ከኋላ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ አድማሱን ተመልከቱ፣ ስልክ አትነካኩ፣ ጭስ ወደሚመጣበት አትጠጉ። ማታውን የሠርግ ውስኪ የተረፈ ካለ ይቆይ።

ዓሣው የማን ነው የሚለውም ቀድሞ ይወሰን። በብዙ ጀልባ የተያዘው ዓሣ የባለጀልባው ነው፤ ለእራት 2 ወይም 3 ኪሎ እንደሚሰጥህ ተስማማ፣ ሆቴሉም ያበስልልህ እንደሆነ ጠይቅ። ማርሊንና ሴይልፊሽ ፎቶ ተነስቶ ሕይወቱ ሳያልፍ እንዲለቀቅ ንገራቸው፤ ፎቶውም ዓሣው ውኃ ውስጥ እንዳለ ይነሳ፣ ጀልባ ላይ መጎተት ይጎዳዋል። ቱና ከሆነ ወዲያው ደሙ ፈስሶ በረዶ ውስጥ መግባት አለበት። በፀሐይ ለሰዓታት ከቆየ ሥጋው ውስጥ ሂስታሚን ይፈጠራል፣ እሱን ደግሞ ማብሰል አያጠፋውም፤ ፊት ይቀላል፣ ራስ ይመታል፣ ያስመልሳል። ስለዚህ ጠዋት ስትነሱ የበረዶውን ሳጥን ከፍተህ እይ፤ ባዶ ከሆነ ዓሣውን ለመብላት አታስብ። ጥሬ ሥጋ ለለመደ አፍ ጥሬ ቱና አያስፈራም፣ በረዶ ያላየውን ግን አትንካው።

ዘንግ ከዚህ አትግዛ። ለዝዋይ ቆሮሶና ለአምባዛ የሚሆነው እዚያ አንድ ደቂቃም አይቆይም፣ ዕቃውን የሚያቀርበው ጀልባው ነው። ከዚህ የምትይዘው፦ እጅጌው ረጅም ቀጭን ሸሚዝ፣ ማሰሪያ ያለው ኮፍያ፣ ፖላራይዝድ (የውኃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ) መነጽር፣ የፀሐይ ቅባት፣ የጀልባውን ወለል የማያቆሽሽ ነጭ ሶል ያለው ጫማና ለስልኩ ውኃ የማያስገባ ከረጢት። የሁለቱን ጀልባዎች መልስ ስታገኝ ደቂቃውንና ጥልቀቱን እዚህ ሥር ጻፈው፣ አብረን እናያለን።