ሸዋ ሮቢት ላይ የሚገነፍለው ለስላሳ

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ከደብረ ብርሃን የማስመጣው ለስላሳ ቆርኪው ሲነሣ ገንፍሎ ይፈስሳል፤ ብርጭቆ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን «ጋዝ የለውም» እየተባለ እወቀሳለሁ። እኅቴ ከዚያው ጭነት ደብረ ብርሃን ላይ ስትሸጥ ቅሬታ ሰምታ አታውቅም። በአንዳንዱ ጠርሙስ ደግሞ መጠጡ ዝቅ ብሎ ይታያል። የጋዙም የመጠኑም ልክ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መገንፈሉ ጋዙ መብዛቱን ሳይሆን በመጠጡ ውስጥ መቆየት አቅቶት በአንድ ጊዜ መውጣቱን ያመለክታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅዝቃዜ ይወዳል፦ በባሕር ወለል የአየር ግፊት አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.5 ሊትር ያህል ጋዝ ሲያሟሟ፣ በ30 ዲግሪ የሚያሟሟው የዚያን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፣ ጣርማበርን አልፎ ወደ ቆላ የወረደ ሣጥን ጋዙ ሳይጎድል ጠባዩ ይለወጣል።

በፋብሪካ ጋዝ የሚለካው በ«ቮልዩም» ነው። 4 ቮልዩም ማለት በአንድ ሊትር መጠጥ ውስጥ፣ በ0 ዲግሪና በባሕር ወለል ግፊት ሲለካ 4 ሊትር የሚሆን፣ በክብደት 8 ግራም የሚጠጋ ጋዝ አለ ማለት ነው። መርማሪው ጠርሙሱን አጥብቆ ይይዝና ቆርኪውን ባለ መርፌ በሆነ የግፊት መለኪያ ይበሳዋል፤ አንገቱ ላይ የታመቀውን አየር ለአፍታ አስተንፍሶ ይዘጋል፤ ከዚያም የመለኪያው ቀስት ሽቅብ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ጠርሙሱን ደጋግሞ ይንጠዋል። ቀስቱ ሲረጋ ግፊቱንና የመጠጡን ሙቀት አንድ ላይ አንብቦ ቮልዩሙን ከሰንጠረዥ ያወጣል። ሙቀቱ ያልተመዘገበ የግፊት ንባብ በእኔ ዘንድ ዋጋ የለውም።

በደጋው ሰሜን ሸዋ ደግሞ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ጉዳይ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል። የተለመደው መለኪያ የሚያሳየው የውስጡንና የውጩን ግፊት ልዩነት ስለሆነ፣ ያው ጠርሙስ እዚያ ሲለካ 0.3 ባር ያህል ጨምሮ ይነበባል። ይህ ሳይታረም ለባሕር ወለል የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ከታመነ፣ ጋዝ ያነሰው መጠጥ ደህና ተብሎ ያልፋል።

የመጠኑን ነገር ዓይን አይፈርደውም፤ የጠርሙሶች ውፍረት ስለሚለያይ እኩል የተሞሉትም አንገታቸው ላይ ሊበላለጡ ይችላሉ። ሙሉውን ከነቆርኪው ይመዝኑ፤ ከቀዱ በኋላ ጠርሙሱን አጥበው ያድርቁና ባዶውን ከነቆርኪው መልሰው ይመዝኑ። ስኳር ያለው ለስላሳ በሚሊ ሊትር 1.04 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ የ300 ሚሊ ሊትሩ ልዩነት 312 ግራም ገደማ መሆን አለበት። በአንድ ጠርሙስ ብቻ ፋብሪካውን አይክሰሱ፤ ከተለያዩ ሣጥኖች ዐሥር ያህል መዝነው አማካዩን ይያዙ።

መጠጡ ጎድሎ ጋዙም የወጣበት ካጋጠመዎ ቆርኪውን ይጠርጥሩ። ከዚያው ሣጥን ያልተከፈተ ጠርሙስ አንሥተው አንገቱን ለብ ባለ ውሃ ይንከሩት፤ ከቆርኪው ጥርሶች ሥር አረፋ እየተከታተለ ከወጣ ጋዙ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ደህናዎቹን ከፀሐይ አርቀው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሯቸው፣ ሳይንጡ ይክፈቷቸው፤ ብርጭቆውንም አብረው ያቀዝቅዙ።