የሰው ድርሰት በአፀደ ሕፃናት ክፍል ውስጥ፦ ስለ ቅጂ መብት ከመምህራን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በካዛንቺስ አካባቢ ባሉ አፀደ ሕፃናት የምታስተምሩ ባልደረቦች ስለ ቅጂ መብት የሚያሳስባችሁን ሁሉ እንድትጠይቁኝ ጋብዤ ነበር፤ ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። መነሻዬ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ናቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰበት ሰው ግን ሰነዱን ይዞ ጠበቃ ማነጋገር አለበት።

ጥያቄ፦ አንድ የተረት መጽሐፍ በራሴ ገንዘብ ገዝቻለሁ። በክፍሌ 35 ሕፃናት አሉ። አራት ኪሎ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ለሁሉም ባባዛላቸው ጥፋት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ምን ያህሉን እንደሚያባዙ ይወስነዋል። የአዋጁ አንቀጽ 11 የታተመን ሥራ ወይም የድምፅ ቅጂን ለማስተማር ሲባል ማባዛትን ባለመብቱ ሊከለክል እንደማይችል ይደነግጋል። ይህ ለመምህር የተሰጠ ትልቅ ፈቃድ ነው፤ ሆኖም ድንበር አለው። ማባዛቱ ከመልካም አሠራር ጋር የሚጣጣም፣ ከማስተማሩ ዓላማ የማያልፍ፣ በተቻለ መጠንም ምንጩንና የደራሲውን ስም የሚጠቅስ መሆን አለበት። የዕለቱ ትምህርት ስለ ቤት እንስሳት ከሆነና ስለ ላምና ስለ በግ የሚያወሩትን ሁለት ገጾች አባዝተው፣ ከግርጌ የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም ጽፈው ቢያድሉ በዚህ ድንበር ውስጥ ነዎት። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አባዝተው፣ አስጠርዘው ለ35ቱም ቢሰጡ ግን ያደረጉት ነገር ማስተማር ሳይሆን ከመግዛት መዳን ነው፤ ደራሲውም የሚኖረው በዚያው እርስዎ ባስቀሩት ሽያጭ ነው።

መጽሐፉን ይዘው ሥዕሎቹን ወደ ሕፃናቱ እያዞሩ ጮክ ብለው ለማንበብ ደግሞ አንድም ኮፒ አያስፈልግም። በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ይህ ከሁሉ የተሻለው አጠቃቀም ይመስለኛል፤ የቅጂ መብት ጥያቄም አያስነሳም።

ሕፃኑ በእርሳስ የሚሞላው የመልመጃ ደብተር ከሆነ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። እንዲህ ያለው ደብተር የሚዘጋጀው እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ገዝቶ አንድ ጊዜ እንዲሞላውና እንዲጨርሰው ስለሆነ፣ ጥቂት ገጽ ማባዛት እንኳ ከሌላ መጽሐፍ ይልቅ የአዘጋጁን ገበያ በቀጥታ ይነካል።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ትምህርት ቤት የአንድ አሳታሚን የፊደል መልመጃ ኮፒ አድርጎ፣ የራሱን ሽፋን አልብሶ፣ ከመመዝገቢያው ጋር ከወላጆች ገንዘብ ይቀበልበታል። «ለማስተማር ነው» ይሉናል።

መልስ፦ ይህ ለማስተማር የተፈቀደው ማባዛት አይደለም። ገንዘብ ሲቀበሉበት ንግድ ይሆናል፤ ሽፋኑን ሲቀይሩ ደግሞ የአዘጋጁን ስም በማጥፋት የሞራል መብቱን (ማለትም የሥራው ደራሲ መሆኑ እንዲታወቅለት ያለውን መብት) ይጥሳሉ። አዋጅ 410 ሲወጣ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል፤ ከካሳውም በተጨማሪ ጥሰት በወንጀል ያስቀጣል። መምህሩ በትእዛዝ ቢሠራም «ታዝዤ ነው» ማለት ሁልጊዜ አያድንም። የትምህርት ቤቱን ኃላፊዎች በጽሑፍ አሳስቡ፤ ከአሳታሚው በብዛት ሲገዛ የሚደረግ ቅናሽ እንዳለ መጠየቅንም እንደ አማራጭ አቅርቡላቸው። ከወላጅ የሚሰበሰበው ገንዘብ መጽሐፉን በትክክለኛው መንገድ ለመግዛት ሊውል ይችል የነበረ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ በዩቲዩብ ላይ ብዙ ሰዎች «ፌር ዩዝ ነው» እያሉ የሰው ሥራ ይለጥፋሉ። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ይፈቀዳል የሚባለውስ?

መልስ፦ ፌር ዩዝ (ፍትሐዊ አጠቃቀም)፣ ማለትም የሰውን ሥራ ያለ ፈቃድ መጠቀም የሚቻልበት ሁኔታ፣ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የቅጂ መብት ሕጋቸው ክፍል 107 ላይ ይገኛል። ዳኛው አራት ነገሮችን ይመዝናል፦ የአጠቃቀሙን ዓላማና ባሕርይ፣ የተወሰደውን ሥራ ዓይነት፣ የተወሰደውን መጠንና ቁም ነገርነት፣ በመጨረሻም በሥራው ገበያ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት። ይህን ያህል ሰከንድ ወይም ይህን ያህል ቃል ነፃ ነው የሚል ነገር በዚያ አንቀጽ ውስጥ የለም፤ ከአንድ ዘፈን የአምስት ሰከንድ አዝማች ብቻ ቢወሰድም የዘፈኑ ልብ ተወሰደ ሊባል ይችላል።

የእኛ አዋጅ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ለዳኛ የተተወ ሰፊ ሚዛን ከማስቀመጥ ይልቅ የተፈቀዱትን አጠቃቀሞች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፦ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማባዛት፣ መጥቀስ፣ ለማስተማር ማባዛት፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የሚያደርጉት ማባዛት፣ ሌሎችም። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ መምህር «ፌር ዩዝ ነው» ከማለቱ በፊት አጠቃቀሙ ከነዚህ ከየትኛው እንደሚገባ ራሱን መጠየቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ልጆቹን መዝሙር ማስዘመር፣ ከፍላሽ ዘፈን ማጫወት፣ የወላጆች ቀን ትርኢት ቀርፆ በትምህርት ቤቱ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ መልቀቅስ?

መልስ፦ ሦስቱን ለያይቼ ልመልስ። በክፍል ውስጥ ማስዘመር አያሳስብዎ፤ በትምህርት ቤት ያለ ክፍያ የሚደረግ ክዋኔ ባለመብቱ የማይከለክለው ነገር ሆኖ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ በአገራችን ሕግ የታወቀ ነው። ወላጅ ትኬት ቆርጦ የሚገባበት ትርኢት ግን ያለ ክፍያ አይደለምና ለሙዚቃው ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከፍላሽ ማጫወትን በተመለከተ የድምፅ ቅጂው ከየት እንደ መጣ ይታሰብ። አንቀጽ 11 የድምፅ ቅጂንም ስለሚጠቅስ ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ያህል መገልበጥ ይቻላል፤ የአንድን ድምፃዊ አልበም ሙሉውን ከመምህር ወደ መምህር ማዛመት ግን ከትምህርቱ ዓላማ ውጭ ነው።

ቲክቶኩ ላይ ነው አደጋው። ቪዲዮው ከክፍሉ ወጥቶ ለሕዝብ ሲለቀቅ የትምህርት ፈቃዱ አብሮት አይወጣም፤ ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። የሙዚቃውን ድምፅ አጥፍቶ ወይም የልጆቹን የራሳቸውን ድምፅ በነባር የሕዝብ ዜማ ብቻ አድርጎ መልቀቅ ይቻላል። በዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ስለሚከለክል፣ የእያንዳንዱን ሕፃን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ግድ ነው።

በየክፍሉ የምንዘምረው «ሃፒ በርዝደይ» በራሱ የአፀደ ሕፃናት ታሪክ ነው። ዜማው እ.ኤ.አ. በ1893 ሲታተም ግጥሙ የጠዋት ሰላምታ ነበር፤ ያዘጋጁትም በአሜሪካ ኬንታኪ የአፀደ ሕፃናት መምህርት የነበረችው ፓቲ ሂል እና ዜማ ያወጣችው እኅቷ ሚልድሬድ ናቸው። አንድ የሙዚቃ ኩባንያ ለብዙ ዓመታት መብቱ የእኔ ነው እያለ ከፊልም ሠሪዎች ገንዘብ ሲሰበስብ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በግጥሙ ላይ ሕጋዊ መብት እንደሌለው ወሰነ። ለዚህ ነው ዛሬ ማንም ያለ ሥጋት የሚዘምረው።

ጥያቄ፦ እሹሩሩ፣ እንቆቅልሽ፣ የአያቶቻችን ተረትስ የማን ናቸው?

መልስ፦ የሁላችን ናቸው፤ ያለ ሥጋት ንገሯቸው፣ ዘምሯቸው። ነገር ግን አንድ ጸሐፊ የጦጣንና የአንበሳን ተረት በራሱ ቃል ከጻፈው አጻጻፉ፣ ሠዓሊ ከሣለው ሥዕሉ፣ ድምፃዊ ከቀረፀው ቅጂው የየራሳቸው ነው። ተረቱን ከአያትዎ እንደ ሰሙት ወይም እንደሚመችዎ አድርገው በራስዎ አነጋገር ይጻፉት። የተረት ሀብታችን ለአፀደ ሕፃናት ከበቂ በላይ ነው፤ መምህራን ራሳቸው ጽፈው በክፍላቸው ቢያነብቡት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ጥያቄ፦ የክፍሉን ግድግዳ በታወቁ የውጭ ካርቱኖች አስዋብን። በበሩ ባነር ላይም አሉ።

መልስ፦ በሩ ላይ ያለውን አውርዱት። በበሩ ላይ የምትሰቅሉት ደንበኛ ለመሳብ ስለሆነ ከቅጂ መብት በላይ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ጉዳይም ይሆናል። የውጭ ሥራዎች በአገራችን የሚያገኙት የቅጂ መብት ጥበቃ ኢትዮጵያ በገባችባቸው ስምምነቶች ቢመረኮዝም፣ በዚያ መከራከሪያ ላይ ተደግፎ የትምህርት ቤት ስም መገንባት አይመከርም። ለውስጡ ግድግዳ ደግሞ አንድ የአገር ሠዓሊ ዋሊያና ጭላዳ ቢሥል ልጆቹ የአገራቸውን እንስሳት ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ የልጆቹን ሥዕል በካላንደር አሳትመን ለትምህርት ቤቱ ገቢ ማሰባሰቢያ ልንሸጥ አስበናል። የአራት ዓመት ልጅ ሥዕል መብት አለው?

መልስ፦ አለው። አዋጁ ጥበቃውን የሚሰጠው ወጥ ለሆነና (ከሌላ ላልተገለበጠና) ለተቀረፀ፣ ማለትም በወረቀት ወይም በሌላ ነገር ላይ ለሰፈረ ሥራ ነው፤ የጥራት ደረጃውን ወይም የሠራውን ሰው ዕድሜ አይጠይቅም። ትምህርት ቤቱ ወረቀቱንና ቀለሙን ስላቀረበ ባለቤት አይሆንም፤ ልጁ ተቀጣሪ አይደለምና። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ተቀበሉ፤ ገቢው ለምን እንደሚውል ግለጹ፤ ከሥዕሉ ሥር የልጁን ስም ጻፉ። ወላጅ የአባት ስም እንዳይታይ ከፈለገ የልጁን የመጀመሪያ ስም ብቻ ማድረግ ይበቃል። ይህን ጥያቄ ያነሣችሁትን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ባለመብት ሕፃኑ ነውና።

ጥያቄ፦ ለአምስት ዓመት ያዘጋጀሁትን ወርክ ሺት ሌላ ትምህርት ቤት ስገባ ይዤው ልሂድ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የሥራ ውልዎን ያንብቡ። በውሉ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ፣ ተቀጣሪ በሥራው ሂደት የፈጠረው ሥራ የአሠሪው ነው። ስምዎ በሥራው ላይ እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብት ግን ከእርስዎ ጋር ይቆያል። በሐሳቡና በዘዴው ላይ ደግሞ ማንም መብት የለውም፤ ፊደልን በጥራጥሬ የማስተማር ዘዴዎን ይዘው ሄደው ወረቀቱን በአዲስ መልክ ቢያዘጋጁት ማንም ሊወቅስዎ አይችልም።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ የተረት መጽሐፍ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ባሳትምስ?

መልስ፦ የመተርጎም መብት የባለመብቱ ነውና ፈቃድ ይጠይቃል። የአገራችን ሕግ ለድርሰት የሚሰጠው ጊዜ የደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ ለፎቶግራፍ 25 ዓመት። ከዚያ ያለፈበትን ሥራ ይተርጉሙ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያለ ሥጋት የምንጠቀመው የአማርኛ ንባብ ከየት እናግኝ?

መልስ፦ ባለቤቶቻቸው ራሳቸው አስቀድመው የፈቀዷቸው ሥራዎች አሉ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው የፈቃድ ዓይነት የሚወጡት የአፍሪካን ስቶሪቡክ ተረቶች ለምሳሌ በአማርኛም ይገኛሉ፤ አትሞ ማደልም ይቻላል። የፈቃዱን ምልክት ግን በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ይመልከቱ። አንዳንዱ ስም መጥቀስን ብቻ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ለንግድ መጠቀምን ይከለክላል፤ አንዳንዱ ማሻሻልን አይፈቅድም። በኢንተርኔት መፈለጊያ የሚወጣ ሥዕል ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም፤ መገኘቱ ፈቃድ አይሆንም።

ጥያቄ፦ መብቴ እንዲጠበቅ ማስመዝገብ አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። መብቱ ሥራው ሲፈጠርና ሲቀረፅ ወዲያው ይገኛል። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ በክርክር ጊዜ ለማስረጃ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ለደራሲው ፈቃድ መጠየቂያ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አጭር ይሁን፤ ጎዶሎ ግን አይሁን። የትምህርት ቤቱን ስም፣ የመጽሐፉን ርእስ፣ የሚፈልጓቸውን ገጾች ቁጥር፣ የሚባዛውን ብዛት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቀሙበት፣ ገንዘብ ይቀበሉበት እንደሆነና ስሙ እንዴት እንደሚጠቀስ ይጻፉ። አድራሻውን አብዛኛውን ጊዜ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ያገኙታል። ደራሲው በስልክ «እሺ» ቢልዎት እንኳ ያንኑ ቃል በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲልክልዎ ይጠይቁና ከመጽሐፉ ጋር በፋይል ያኑሩት፤ ዳይሬክተር ቢቀየር ወይም እርስዎ ቢለቁ የሚተካዎ መምህር በምን ፈቃድ እንደሚጠቀም ያውቃል።