ኪዩብ ፋክተር ማድረግ ያስቸገራችሁ፣ ጠይቁ

ፋክተር ማድረግ ማለት በቅንፎች ብዜት መልክ መጻፍ ነው። ዛሬ ከሰዓት አራት ኪሎ፣ አብርሆት ላይብረሪ ቁጭ ብያለሁ። የስልኬ ቻርጅ እስኪያልቅ እመልሳለሁ። ደብተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል የምታዩትን እኔ ሀ እና ለ እያልኩ ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የኪዩቦች ድምርና የኪዩቦች ልዩነት ፎርሙላዎች ሁሌ ይምታቱብኛል። ማይነሱ የቱ ጋ ነው የሚገባው?

መልስ፦ እዪው፦
ሀ³ + ለ³ = (ሀ + ለ)(ሀ² − ሀ×ለ + ለ²)
ሀ³ − ለ³ = (ሀ − ለ)(ሀ² + ሀ×ለ + ለ²)
የመጀመሪያው ቅንፍ የጥያቄውን ምልክት ይይዛል፣ የመሃሉ ተቃራኒውን፣ የመጨረሻው ሁሌም ፕላስ ነው። ግን በሽምደዳ ብቻ ከያዝሽው ፈተና ላይ ይጠፋብሻል። ሀ እና ለ እኩል ሲሆኑ ሀ³ − ለ³ ዜሮ ይሆናል አይደል? እንግዲያው (ሀ − ለ) ውስጡ አለ ማለት ነው። ሌላውን ቅንፍ በማካፈል ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ ሀ³ + ለ³ ፋክተር ከሆነ፣ ሀ² + ለ² ምን አድርጎ ነው እምቢ ያለው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። በሀ ቦታ −ለ አስገባ። ኪዩቡ ላይ −ለ³ + ለ³ ይሆንና ድምጥማጡ ይጠፋል፣ ስለዚህ (ሀ + ለ) አለ። ስኩዌሩ ግን ማይነሷን ይውጣትና 2ለ² ይዞ ይቀራል። ምንም ሪል ቁጥር ብታስገባ፣ ለ ራሱ ዜሮ ካልሆነ በቀር፣ ዜሮ አታገኝም። ዜሮ ከሌለ ቅንፍም የለም።

ጥያቄ፦ 16ሀ³ + 54 አይቻልም አይደል? 16 ኪዩብ አይደለም።

መልስ፦ ይቻላል እንጂ። መጀመሪያ የጋራውን አውጣ፦ 2(8ሀ³ + 27) = 2(2ሀ + 3)(4ሀ² − 6ሀ + 9)። የ2ሀ ስኩዌር 4ሀ² ነው፣ ብዙ ሰው 2ሀ² ጽፎ ነው ማርክ የሚያጣው።

ጥያቄ፦ በፎርሙላው ሁለተኛው ቅንፍ ራሱ እንደገና ይሰበራል?

መልስ፦ አይሰበርም። የሀ² − ሀ×ለ + ለ² ዲስክሪሚናንት (ኳድራቲክ ፎርሙላ ላይ ከሩቱ ስር የሚገባው) −3ለ² ነው፤ ለ ዜሮ ካልሆነ ኔጌቲቭ ስለሆነ ዜሮ የሚያደርገው ሪል ቁጥር የለም።

ጥያቄ፦ ሀ⁶ − 1ስ? በስኩዌር ልጀምር በኪዩብ?

መልስ፦ በስኩዌር ጀምሪ። (ሀ³ − 1)(ሀ³ + 1) ካልሽ በኋላ አራቱ ቅንፎች ራሳቸው ይወጣሉ። በኪዩብ ከጀመርሽ ሀ⁴ + ሀ² + 1 ይመጣብሽና ያለቀ ይመስልሻል፤ እሱ ግን ገና (ሀ² + ሀ + 1)(ሀ² − ሀ + 1) ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ይሄ ነገር ለምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ታክሲ ካነሳህማ! ሃርዲ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ የታመመውን ህንዳዊ የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃንን ሊጠይቅ በታክሲ ሄደ፣ ቁጥሩ 1729። «ደባሪ ቁጥር ነው» ዓይነት ነገር ሲለው፣ ራማኑጃን በሁለት መንገድ የሁለት ፖዘቲቭ ኪዩቦች ድምር የሚሆን ትንሹ ቁጥር እንደሆነ ነገረው። 12³ + 1³ ነው፣ 10³ + 9³ም ነው። በኛ ፎርሙላ አንዱ 13 × 133፣ ሌላው 19 × 91 ይሰጣል። ሁለቱንም ስትበትናቸው 7 × 13 × 19። ሰልፉ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ 1001ን ሞክር፣ 10³ + 1 ነው።

ጥያቄ፦ 12ኛ ክፍል ሊሚት ላይም ይመጣል ይባላል?

መልስ፦ በደንብ። (ሀ³ − 8) ÷ (ሀ − 2)፣ ሀ ወደ 2 ሲጠጋ። ቀጥታ 2ን ካስገባህ ዜሮ ለዜሮ ነው። ፋክተር አድርገህ (ሀ − 2)ን ሰርዝ፣ ሀ² + 2ሀ + 4 ይቀራል፣ አሁን 2ን አስገባ፦ 12።